ቫይረሱ ያለበትን ሠራተኛ ለመደገፍ ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋችሁም

አንድ ድርጅት ውስጥ «እዚህ መሃል የኤች አይ ቪ ቫይረስ ያለበት ሰው አለ» የሚል ወሬ ሲነሳ ኃላፊዎች ቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ማን ነው?» ብዙዎቹ በክፋት አይደለም የሚጠይቁት። ልንረዳው እንፈልጋለን ይላሉ። ሥራ እናቅልለት፣ ከአቧራው እናውጣው፣ የሆነ ነገር እናዋጣለት ይላሉ። ሐሳቡ ቅን ነው። ጥያቄው ግን ራሱ ይጎዳል፤ መልሱ የሚገኘው አንዱ ሰው ሌላው ላይ ጣቱን ሲቀስር ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የተጠቆመበት ሰው ምሳ የሚበላበት ጠረጴዛም፣ የሚሰጠው ሰላምታም፣ ከዕድገት ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሚነሳበት መንገድም እንደ ድሮው አይሆንም።

እኔ እዚህ የምከራከርለት ነገር ቀላል ነው። መሥሪያ ቤታችሁን ስታደራጁ አንድ ሰው ለማንም ምንም ሳይናገር መድኃኒቱን መዋጥ፣ ቀጠሮው ላይ መድረስ፣ ሲታመም ማረፍ፣ ሲሻለው ወደ ቦታው መመለስ እንዲችል አድርጋችሁ አደራጁት። ይህ ከሆነ ማን እንደሆነ የማወቅ ጉጉታችሁ ሥራ ፈት ይሆናል። ሊነግራችሁ የፈለገ ይነግራችኋል። ያልፈለገም እኩል ይጠቀማል።

መጀመሪያ በሽታው ዛሬ የት እንዳለ

ብዙ አሠሪ ስለ ኤች አይ ቪ በአእምሮው የያዘው ሥዕል ያረጀ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወደ ሃያ በሚጠጉ ዓመታት ሰው ሲመነምን፣ አልጋ ላይ ሲውል፣ ልጆች ወላጅ አልባ ሲቀሩ ያላየ ሰፈር አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ሰዎች ከአልጋ ተነሱ፣ ሥራ ገቡ፣ አገቡ፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆኑ ልጆች ወለዱ። ሥዕሉ ግን በብዙ አለቃ ጭንቅላት ውስጥ እስካሁን አልተቀየረም።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን አንድ ክኒን ነው። በውስጡ ሦስት መድኃኒቶች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ዶሉቴግራቪር ይባላል። ድሮ ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ ያለበት ክኒን ማታ ተውጦ ሌሊቱን ያቃዣል፣ ጠዋት ራስ ያዞራል፤ በፈረቃ ለሚሠራና ማሽን ላይ ለሚቆም ሰው ፈተና ነበር። የአሁኑን ከፈለጉ ጠዋት፣ ከፈለጉ ማታ፣ በልተውም ሳይበሉም መውሰድ ይቻላል። ዋናው ነገር ሳያቋርጡ መውሰድ ነው።

መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እየወረደ ይሄዳል። ይህን የሚለካው ምርመራ ቫይራል ሎድ ይባላል። መጠኑ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰና እዚያው ከቆየ ሰውየው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ቫይረሱን አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ የትዳር ጓደኛውን የማያሰጋ ሰው ጎኑ ተቀምጦ የሚሠራውን ባልደረባውን በምን ሊያሰጋው ይችላል? መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ቢሆንስ? እሱም ቢሆን አብሮ በመሥራት አያስተላልፍም። በጉርሻ፣ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በስኒ፣ በሽንት ቤት፣ በላብ፣ በሳል፣ በመጨባበጥ ኤች አይ ቪ አይተላለፍም። ይህን ስንት ዓመት ሰማነው። ገና ግን አልገባንም፤ የዓለም ሥራ ድርጅት በ50 አገሮች ከ55 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት በአንድ መታጠቢያ ቤት በመጠቀም ቫይረሱ እንደማይተላለፍ በትክክል የመለሰው ግማሽ ያህሉ ሰው ብቻ ነው። ከ10 ሰዎች አራት ያህሉ ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎች ጋር በቀጥታ እንዲሠሩ ሊፈቀድላቸው አይገባም ብለዋል። አራት ከአሥር! በየቢሮው ቁጭ ያለ አስተሳሰብ ነው።

በኢትዮጵያ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ወደ 600 ሺህ ይጠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በከተሞች በተካሄደ አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የከተማ ነዋሪዎች 3 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ከተማ ውስጥ 200 ሰው የምታሠሩ ከሆነ በእናንተም ቤት ጥቂቶች ሊኖሩ እንደሚችሉ አስቡ። ባለፈው ዓመት ጎበዝ ብላችሁ ዕድገት የሰጣችኋት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ዕቃ ሳይጎድልበት፣ ሰዓት ሳያዛንፍ ለዓመታት የነዳው ሾፌራችሁ ሊሆን ይችላል። እናንተ አላወቃችሁም፣ ሥራውም አልተጓደለም።

ቅጥር ላይ፦ አትመርምሩ

ይህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። እንደ ሥራው ጠባይ ሠራተኛን በራሳችሁ ወጪ አስመርምሩ የሚለው የአዋጁ ክፍልም ኤች አይ ቪን ለይቶ ያወጣዋል። ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ መድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111ን ካጸደቀች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏታል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 200 ደግሞ ማንም ሠራተኛ ወይም ሥራ ፈላጊ እንዲመረመርም ሆነ ሁኔታውን እንዲናገር መገደድ የለበትም ይላል።

በተግባር ግን ነገሩ በጓሮ በር ይገባል። «ሙሉ የጤና ምርመራ አምጣ» ይባላል፤ ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ባለሙያ ሙሉ የሚለውን በራሱ ተርጉሞ ኤች አይ ቪንም ይጨምራል፣ ውጤቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተደርድሮ ለአሠሪው ይደርሳል። ስለዚህ ለክሊኒኩ የምትልኩት ደብዳቤ ላይ የምትፈልጉትን ምርመራ በስሙ ጻፉ። ለሾፌር ዓይን፣ ለብየዳ ሠራተኛ ሳንባና ዓይን፣ ለምግብ ቤት ሠራተኛ የሰገራና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ። ከታች ደግሞ «የኤች አይ ቪ ምርመራ አይደረግ» የምትል አንድ መስመር ጨምሩ። ይህች መስመር ምንም አታስወጣችሁም።

ምግብ ቤት ስል አንድ ነገር ላንሳ። ቫይረሱ ያለበት ሰው ምግብ ቢያበስል፣ ቢያስተናግድ፣ እንጀራ ቢጋግር ችግር የለውም። ጣቱን ቢላ ቢቆርጠው እንደ ማንኛውም ሰው ይታሸጋል፣ የተነካው ምግብ ይደፋል፤ ይህ ለማንም ሰው ደም የሚደረግ የንጽሕና ጉዳይ ነው። «ለደንበኛ ስንል ከኩሽና ወደ ልብስ ማጠቢያ አዛወርናት» የሚል ባለቤት ደንበኛውን ከምንም አልጠበቀም። ሴትዮዋን ግን በሆቴሉ ሰው ሁሉ ፊት አጋልጧታል።

በዚህች አገር አሠሪ ግን ፋብሪካና ሆቴል ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብም ነው። የቤት ሠራተኛ ሲቀጠር ስንቶቻችን ነን ልጅቷን ከደላላ ተቀብለን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ የምንወስደው? ገና ከገጠር የመጣች፣ የምትመረመረው ለምን እንደሆነ ያልተነገራት ልጅ። ውጤቱን ከእሷ በፊት እመቤቲቱ ትሰማለች። ቫይረሱ ከተገኘባት ዕቃዋን ይዛ በዚያው ቀን ትወጣለች፣ ምክርም ሕክምናም ሳታገኝ። የቤት ሠራተኞች በአዋጅ 1156 ሥር አለመሸፈናቸው እውነት ነው፤ አንድን ሰው ሳይፈቅድ ማስመርመርን ግን የሚፈቅድ ነገር የለም። ልጅ ታቅፋለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ በዚህ ሁሉ ልጃችሁ ላይ የሚደርስ ነገር የለም። የምር የልጃችሁ ጤና ካሳሰባችሁ ከማንኛውም ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚውል ሰው ሁሉ ለሳንባ ነቀርሳ ቢታይ ይሻላል። እሷም፣ እናንተም።

የፈቃድ ወረቀቱ ጉዞ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀጠሮው ይበዛል። ጤናው ሲረጋጋና ቫይራል ሎዱ ሲወርድ ግን የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ መሄድ ይችላል፤ የቫይራል ሎድ ምርመራውም በዓመት አንዴ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከአሠሪው የሚፈልገው በዓመት ሁለት ቀን ነው። አንዳንዴ ሁለት ግማሽ ቀን። የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል ያለበት ባልደረባው ከዚህ የበለጠ ይመላለሳል። ስለ ጊዜው ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለም ማለት ነው። ጭንቀቱ ያለው ፈቃዱ በሚጠየቅበት መንገድ ላይ ነው።

እንበልና አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ማክሰኞ ቀጠሮ አላት። መድኃኒቱ የሚሰጥበት የሐኪም ቤቱ ክፍል የሚከፈተው እሷ ሥራ በምትገባበት ሰዓት ነው። ለተቆጣጣሪዋ «ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ሰው በሚሰማበት ጮክ ብሎ «ምን ሆንሽ?» ይላታል። ረቡዕ ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች። ወረቀቱን መጀመሪያ ተቆጣጣሪው ያየዋል። ከዚያ ታይም ኪፐሯ ትመዘግበዋለች። ከዚያ የሰው ሀብት ክፍል ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ኮፒው ደግሞ ደመወዝ ለሚሠራው ሒሳብ ሠራተኛ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ የሐኪም ቤቱ ማኅተም አለ፤ አንዳንዴ የሕክምና ክፍሉና የበሽታው ዓይነትም ተጽፎበታል። አራት ሰው አነበበው ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ለአንድ ጓደኛው ካወራ በቂ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ መጨረሻ የምትሰማው ራሷ ናት።

ይህን የምታውቅ ሴት ምን ታደርጋለች? ወረቀት የሚያስጠይቀውን ፈቃድ ትተወዋለች። የዓመት ፈቃዷን ቆራርጣ ትጠቀምበታለች። ዘመድ ሞተብኝ ብላ ትዋሻለች። ሁሉም ካልሆነላት ቀጠሮውን ትዘለዋለች፣ መድኃኒት ያልቅባታል፣ ቫይረሱ እንደገና ይነሳል፣ መድኃኒቱን ሊላመድም ይችላል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሕመም ሁለት ቀን አይጠይቅም። ሁለት ወር ይጠይቃል። አሠሪው በራሱ የወረቀት አሠራር ጤነኛ ሠራተኛውን አሳመመ ማለት ነው፣ ይህንንም ሳያውቅ።

መፍትሔው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሕክምና ማስረጃ የሚቀበል አንድ ሰው ብቻ ይኑር፤ ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ ይምጣ፣ ከዚያ ሰው አልፎ የትም አይሂድ። ለተቆጣጣሪው፣ ለታይም ኪፐሯና ለሒሳብ ክፍሉ የሚደርሳቸው «ማክሰኞ፣ የተፈቀደ ቀሪ» የሚል መልእክት ብቻ ይሁን። ሕጉም ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው የሚጠይቀው፤ የበሽታውን ስም ለአለቃ ሁሉ አሳዩ የሚል አልጻፈም። ከዚህ በተጨማሪ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ስሱ መረጃዎች መካከል መድቦታል። ቁልፍ በሌለው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የሠራተኛ የሕክምና ፋይል ከእንግዲህ የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ አይታይም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ይህ ነው፦ ለሁሉም ሠራተኛ በዓመት ጥቂት ግማሽ ቀኖችን ያለ ወረቀትና ያለ ጥያቄ ስጡ። አንዱ ለልጁ ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል፣ አንዷ ለቀበሌ ጉዳይ፣ አንዱ ለኤ አር ቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሕክምና) ቀጠሮ። ማን ለምን እንደወሰደው አይታወቅም። በተለይ አዲስ ለተቀጠሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው፣ የሙከራ ጊዜው ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ ያለው ሰው ሥራውንና መድኃኒቱን ለማማረጥ ይገደዳል።

ጊዜ ላይ ቸር እንድትሆኑ የምጠይቅበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2017 ዓ.ም. ጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም በአገራችን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ከእነሱ መካከል የኤች አይ ቪ ታካሚዎችን የሚያማክሩና የሚከታተሉ ነበሩበት። ሰው ሲያንስ ወረፋ ይረዝማል። «ግማሽ ቀን ብለህ ሙሉ ቀን ዋልክ» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ክኒኑ ድምፅ አለው

መድኃኒቱ የሚሰጠው በፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል። ብዙ ሰው ቤቱ ሲደርስ ብልቃጡን ይጥለዋል፣ ወይም ጥጥ ይጠቀጥቅበታል፣ ወይም የቀኑን ክኒን በሶፍት ጠቅልሎ በኪሱ ይይዛል፤ ቦርሳው ውስጥ ሲንኳኳ ሰው እንዳይሰማ። ይህን የማያውቅ የሰው ሀብት ኃላፊ «ለምን መድኃኒታቸውን በግልጽ አይወስዱም?» ሊል ይችላል።

በር ላይ ፍተሻ ያለበት ፋብሪካ ካላችሁ ጥበቃዎቻችሁን አነጋግሩ። የሚፈልጉት ጨርቅ፣ ክር፣ ዕቃ ነው። የሠራተኛ ክኒን ሲያገኙ ይዘው ማገላበጥ፣ «ይሄ የምን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከሰልፉ ሁሉ ፊት ማንሳት አይገባቸውም። የፍተሻ ሕጉ ላይ «የግል መድኃኒት አይጠየቅበትም» ተብሎ ይጻፍ። ለሠራተኛው የሚቆለፍ ትንሽ ሳጥን፣ ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ፣ በሥራ መሃል አምስት ደቂቃ ወጣ ማለት የሚያስችል ደንብ። ፈረቃ ስትቀያይሩ ደግሞ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት ከፈረቃው ጋር መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ስኳር ያለበትም፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም በዚሁ ይጠቀማል።

ራሱ መጥቶ ከነገራችሁ

አንዳንዱ ይነግራችኋል። በር ዘግቶ ይገባል፣ ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። በዚያች ደቂቃ የምትናገሩት ነገር ለዓመታት ይታወሳል፣ እና ብዙ ማውራት አይጠበቅባችሁም።

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ በር አይወጣም። ከእኔ የምትፈልጊው ነገር አለ?» በቃ። ከየት እንደያዛት አይጠየቅም። ባሏ ያውቅ እንደሆነ አይጠየቅም። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይፈውስሻል» ማለት ከልባችሁ ከሆነ ክፋት የለውም፤ ጠበል ሄደሽ መድኃኒቱን ተዪው ወደሚል ምክር እንዳይሄድ ግን ተጠንቀቁ። ጠበሉንም ክኒኑንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል የሃይማኖት አባቶችም አስተምረውበታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ርኅራኄ ነው። አለቃ ሲያዝን ሳያማክር ይወስናል። «እንዳትደክሚ ብዬ ከመስክ ሥራ አወጣሁሽ» ይላታል፤ ከመስኩ ጋር አበሏም ይቀራል፣ ዕድገቷም ይቀራል፣ ጓደኞቿም ለምን ተነሳች ብለው መጠያየቅ ይጀምራሉ። ሥራ ይቅለልልኝ ካለች አቅልሉላት። ካላለች ቦታዋ ላይ ተዉአት። ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ኤምሬትስ ለረጅም ጊዜ ሥራ ሠራተኛ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ እነዚህ አገሮች ለመኖሪያ ፈቃድ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንደሚጠይቁ፣ ቫይረሱ የተገኘበትንም እንደሚመልሱ እወቁ። ዕድሉን የሰጣችሁት ሰው «ይቅርብኝ» ካለ ለምን ብላችሁ አትመርምሩት፤ እምቢ ስላለም አታኩርፉት።

ሐሜቱን ማን ያቆመዋል?

ባልደረቦች ናቸው ብዙውን የሚያሳምሙት። ስኒዋን ለይተው የሚያስቀምጡ፣ አጠገቧ ምሳ ላለመብላት ሰበብ የሚፈልጉ፣ ገባች ሲባል ወሬ የሚያቆሙ። አለቃው «የሴቶች ሐሜት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ካለ ፈቀደላቸው ማለት ነው። ያገባዋል። የሰውን የጤና ሁኔታ ማውራት በውስጥ ደንባችሁ ላይ እንደ ጥፋት ይጻፍ፣ ሲፈጸምም ጸጥ ብላችሁ ያወራውን ሰው በግል ጠርታችሁ አስጠንቅቁ። «ስለ እሷ እንዳታወሩ» ብላችሁ በስብሰባ ላይ ከተናገራችሁ ግን ወሬውን እናንተው አጸናችሁት። ስሟ ሳይነሳ፣ ስለ ማንም ሰው ጤና አይወራም በሉ።

በየዓመቱ ኅዳር 22 ቀን ቀይ ሪባን ማሰርና ሻይ ጠጥቶ መበተን ብዙ ለውጥ ሲያመጣ አላየሁም። ከዚያ ይልቅ አንድ የኤ አር ቲ ነርስ ጋብዛችሁ ሠራተኛው ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት የሚጠይቀውን ሁሉ ብትመልስ ይሻላል። የሚመጡት ጥያቄዎች ያስደነግጣሉ። ያኔ ምን ያህል እንዳልገባን ይታያል፣ በዚያው ቀንም ብዙው ይገባናል።

በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ከደመወዙ ጥቂት እያዋጣ የሚይዘው የኤድስ ፈንድ አለ። መልካም ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ቀለብና የልጆች ትምህርት ወጪ አግኝቶበታል። አንድ ችግር አለበት፤ ተጠቃሚው በባልደረቦቹ ኮሚቴ ፊት ማስረጃውን ይዞ እንዲቀርብ ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት እየቸገረው የማይጠይቅ አለ። ፈንዱን ማንኛውንም ከባድና የቆየ ሕመም ለያዘው ሠራተኛ ክፍት አድርጉትና ማመልከቻውን አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ይቀበል። ኮሚቴው የሚያየው ቁጥር እንጂ ስም አይሁን።

ደም ሲፈስ

አደጋ ሲደርስም ማን ቫይረሱ እንዳለበት ማወቅ አይጠቅማችሁም። የማንም ሰው ደም ሲፈስ በጓንት ይነካል፣ በበረኪና ይጸዳል፣ ስለታሙ ነገር በጠንካራ ዕቃ ይጣላል። ይህ ለሁሉም ደም ነው። ብዙ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ራሱም ላያውቅ ስለሚችል ሰው እየለዩ መጠንቀቅ አያዋጣም። መርፌ የወጋው ወይም የሌላ ሰው ደም ቁስሉን የነካው ሠራተኛ ሳይዘገይ ጤና ተቋም ይሂድ፤ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሆስፒታል ብቻ አይደለም ይህን ማወቅ ያለበት። ፀጉር ቤት፣ ጋራዥ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት፣ የሆቴል ጽዳት ክፍል፣ ሁሉም።

ሲታመምና ሥራ ሲያጣ

መድኃኒት ቢኖርም አንዳንዱ ሰው ይታመማል፣ በተለይ ዘግይቶ ከጀመረ። የሳንባ ነቀርሳ አሁንም ቫይረሱ ያለባቸውን ሰዎች በብዛት የሚገድል በሽታ ነው፤ መስኮት የማይከፈትበት፣ ሰው በሰው ላይ የሚሠራበት አዳራሽ ለሁሉም መጥፎ ነው፣ ለእነሱ ይብሳል። መስኮት ክፈቱ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ማንም ሰው እንዲመረመር ላኩት፣ ደመወዙን ሳትቆርጡ።

የሕመም ፈቃዱ በአዋጁ መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይሄዳል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ አለው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ሕጉ የሚሰጠው ትንሹን ነው፤ የምትችሉ ከሆነ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወር ሙሉ ክፈሉ። ሲመለስ ለጥቂት ሳምንት ግማሽ ቀን እንዲሠራ ፍቀዱለት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አሰናብቶ አዲስ ማሠልጠን ከዚህ ይበልጥ እንደሚያስወጣ ሒሳብ ሠርታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሠራተኛን በጤና ምክንያት ማሰናበት የሚቻለው ሥራውን ለመሥራት በዘላቂነት የማይችል መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ቫይረሱ በደሙ መኖሩ ብቻውን ይህን አያረጋግጥም። «መዋቅር ተለወጠ» ወይም «ሥራ ቀነሰ» ብሎ ማሰናበቱን በሌላ ስም መጥራትም ፍርድ ቤት ቀርቦ መመርመሩ አይቀርም።

ይህን የምታነቡ ሠራተኞችም ትኖራላችሁና ለእናንተ አንድ ነገር። ከሥራ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ካሳ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል፤ ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ ይሰላል፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያም ይጨመርበታል። ክስ ለማቅረብ ስለ ጤናችሁ ሁኔታ ለሁሉም ማወጅ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ። የስንብት ደብዳቤውን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤታችሁን፣ የተላከላችሁን መልእክት ሁሉ አስቀምጡ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል፣ ስለዚህ በሽምግልና እንጨርሰዋለን እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።